አልጋ ላይ የሚጥል የወር አበባ ህመም እንዴት ይቀደማል

የወር አበባ ቁርጠት የሚበረታባት ልጅ ከእናቷም ከጎረቤትም የምትሰማው ያው አንድ ነገር ነው፤ «ስትወልጂ ይተውሻል»። ለአንዳንዷ እውነትም ይሆናል። እስከዚያ ባሉት ዓመታት ግን በየወሩ ሁለት ቀን ከትምህርት መቅረት፣ ማስመለስ፣ ሆድን ይዞ ተጠቅልሎ መዋል የሴት ልጅ ዕዳ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ጎንደር ውስጥ ያለ ማንኛውም ፋርማሲ የሚሸጠው ርካሽ ኪኒን፣ ትኩስ ውሃና አንድ ደብተር ለብዙዎች ይበቃሉ። የሚያስቸግረው አወሳሰዱ ነው። ዘግይቶ፣ አንሶ፣ በባዶ ሆድ ይዋጥና «ለእኔ ኪኒን አይሠራልኝም» ይባላል።

ህመሙ ከየት ይመጣል

የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሊረግፍ ሲል ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህ ንጥረ ነገር የማህፀንን ጡንቻ ያኮማትራል። ጡንቻው ከመጠን በላይ ሲጨመድድ ለራሱ የሚደርሰውን ደም ያንቃል፤ ደም ያጣ ጡንቻ ደግሞ ያማል። ትርፉ ወደ ደም ሲገባ አንጀትን ይቀሰቅሳል፤ ተቅማጡ፣ ማቅለሽለሹ፣ ራስ ምታቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ወገብና ጭን ድረስ የሚወርደው፣ የማህፀን ነርቮች ከወገብና ከጭን ከሚመጡት ጋር አከርካሪ ውስጥ በአንድ በር ስለሚገቡ ነው።

ይህ የተለመደው ዓይነት መልኩ ይታወቃል። የወር አበባ ከታየ ከወራት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ደሙ ሊመጣ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ወይም አብሮት ይነሳል፣ የመጀመሪያው ቀን ይበረታል፣ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይለቃል። ከወር አበባ ውጭ ባሉት ቀናት ምንም የለም። ያንቺ ከዚህ የተለየ ከሆነ ስለ ምርመራ የተጻፈውን የመጨረሻውን ክፍል አስቀድሚ።

ደብተር ያዢ

ህመሙን ለመቅደም ቀኑን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁሉም 30 ቀን መሆኑ ደግሞ ስሌቱን ያቀልልሻል። ዑደት የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ ደም የመጀመሪያ ቀን ነው። ያንቺ 28 ቀን ከሆነ በየወሩ 2 ቀን ትቀንሻለሽ፤ ጥቅምት በሚካኤል፣ በ12፣ የመጣ ኅዳር በ10፣ ታኅሣሥ በ8 ይጠበቃል። 30 ቀን ከሆነ ቀኑ ባለበት ይቆያል፤ 33 ከሆነ 3 ትጨምሪያለሽ። ብዙ ሴት የምትሳሳተው ጳጉሜን ላይ ነው። ነሐሴ 20 የመጣ ባለ28 ቀን ዑደት መስከረም 18 ይመስላል፤ ጳጉሜን 5 ቀን ስለሚበላ ግን መስከረም 13 ላይ ይደርሳል፤ ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት ደግሞ መስከረም 12። የስልክ መቁጠሪያም ይሠራል፤ ግን በፈረንጅ ቀን ስለሚያሳይ ሁለቱን የምታምታታ ሴት ደብተሩ ይሻላታል።

ቀኑን ብቻ አትጻፊ። ህመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደነበር፣ በስንት ሰዓት ስንት ፍሬ እንደዋጥሽ፣ በቀን ስንት ሞዴስ እንደቀየርሽ፣ ማስመለስ እንደነበረና ከትምህርት ወይም ከሥራ እንደቀረሽ ጻፊ። የ3 ወር እንዲህ ያለ መዝገብ ሐኪም ፊት ስትቀርቢ «በጣም ያመኛል» ከማለት የበለጠ ይናገርልሻል። ኪኒኑ እየሠራ መሆን አለመሆኑም የሚታወቀው በዚሁ ነው፤ ከ9 ወደ 4 የወረደ ህመም ሙሉ በሙሉ ስላልጠፋ ብቻ «አልሠራም» ተብሎ ይጣላልና።

ዑደቷ የሚዛባባት ቀን መጠበቅ አትችልም፤ የሰውነቷን ምልክት ትጠብቅ። የጡት መወጠር፣ የወገብ መክበድ፣ የሆድ መነፋት፣ የውስጥ ልብስ ላይ የሚታይ ትንሽ ቡናማ ነጠብጣብ፦ ካንቺ የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ ደብተሩ ያሳይሻል።

ኪኒኑ፦ ስንት፣ መቼ፣ እንዴት

ፋርማሲ ገብተሽ «የሆድ ቁርጠት ማስታገሻ» ብለሽ ከጠየቅሽ ለአንጀት ቁርጠት የሚሆን ሃዮሲን ሊሰጥሽ ይችላል። እሱ ፕሮስታግላንዲንን አይነካም፤ ለወር አበባ ህመም ጥቅሙ ያነሰ ነው። በግልጽ «ለወር አበባ ህመም፣ አይቡፕሮፌን 400» በይ። ሰው ተሰልፎ ከኋላሽ ቆሞ ማውራት ካሳፈረሽ ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አሳዪ። ባለሙያው «እህቴ፣ ጨጓራ አለብሽ? አስምስ?» ብሎ ቢጠይቅሽ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነው፤ እውነቱን መልሺለት።

መጠኑ ይህ ነው። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ በየ8 ሰዓቱ፣ ከምግብ ጋር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ፍሬ ሳይበልጥ። በእኛ ሰዓት ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ብሎ መያዝ ይቀላል። የሚጀመረው ደሙ ይመጣል ተብሎ ከሚጠበቅበት አንድ ቀን አስቀድሞ ነው፤ ካልሆነም የመጀመሪያው ምልክት በታየበት ሰዓት። የሚቀጥለውም ቢሻልሽም ባይሻልሽም ህመሙ የሚበረታባቸው 2 ወይም 3 ቀናት እስኪያልፉ ነው። እርጉዝ ልትሆን የምትችል ሴት ግን አስቀድማ አትጀምር፤ ደሙ መምጣቱን አይታ ትዋጥ። ክብደቷ ከ40 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ 200 ሚሊ ግራም ይበቃል። ከውጭ በዘመድ እጅ የሚመጣው አድቪል ብዙውን ጊዜ 200 ሚሊ ግራም ስለሆነ አንዱ ፍሬ የዚህ አገሩ ግማሽ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ።

አስቀድሞ መዋጥ ለምን እንዲህ ይጠበቃል? ኪኒኑ አዲስ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ይከለክላል እንጂ የተመረተውን አያጠፋም። እሳቱ ከተያያዘ በኋላ እንጨት መከልከል ዓይነት ነው፤ ምድጃው ላይ ያለው እስኪነድ መጠበቅ ግድ ይላል። ሆድ ገብቶ ሥራ እስኪጀምርም ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈጅበታል። ህመሙ 8 ከደረሰ በኋላ የዋጠች ሴት እንግዲህ አንድ ሰዓት ሙሉ ትሰቃያለች፤ በዚያ መሃል ካስመለሳት ኪኒኑም አብሮ ይወጣል።

ሌላው ስህተት አንድ ፍሬ ውጦ ሲሻል መተው ነው። የአይቡፕሮፌን ጉልበት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ተሽሏት ማታውን የዘለለች ልጅ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቁርጠቱ ከእንቅልፏ ያነቃታል፣ እንደገናም ከዜሮ ትጀምራለች። «ኪኒን ማብዛት ማህፀን ያደርቃል» የሚለው ወሬ ግማሹን እንዲውጡ የሚያደርጋቸው አሉ። በወር 2 ወይም 3 ቀን በትክክለኛው መጠን የተወሰደ አይቡፕሮፌን ማህፀን አያደርቅም፣ መካንም አያደርግም። ለማርገዝ የምትሞክር ግን በወሩ መሃል፣ እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን፣ እንዳትወስደው ይመከራል፤ እንቁላሉ በጊዜው እንዳይለቀቅ ሊያደርግ ይችላልና።

ሦስተኛው ስህተት አደገኛው ነው። አይቡፕሮፌን አላስታገሰኝም ብሎ ዳይክሎፌናክ መደረብ! ሁለቱ፣ ናፕሮክሲንም ሆነ አስፕሪን ሳይቀር፣ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ሲደራረቡ የማስታገስ ኃይላቸው እምብዛም አይጨምርም፤ ጨጓራን የማቁሰልና ኩላሊትን የመጉዳት ኃይላቸው ግን ይጨምራል። መደረብ የሚቻለው ፓራሲታሞል ነው፦ ባለ500 ሚሊ ግራሙ 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ፤ ክብደቷ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነች ደግሞ መጠኑ ስለሚቀንስ ፋርማሲ ትጠይቅ። እሱ በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ከአይቡፕሮፌን ጋር አይጣላም። የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ በዚያው ሰሞን ጉንፋን ከያዘሽ ድምሩን ቁጠሪ።

በትክክል ተወስዶ ለ2 ወይም ለ3 ዑደት ካልሠራ ዓይነቱን መቀየር ይቻላል፤ ለአንዷ የማይሠራው ለሌላዋ ይሠራል። ናፕሮክሲን መጀመሪያ 500፣ ከዚያ በየ8 ሰዓቱ 250 ሚሊ ግራም ነው፤ ቆይታው ስለሚረዝም ሌሊቱን ለማለፍ ይመቻል። ሜፌናሚክ አሲድ 500 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ይወሰዳል። ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊ ግራም በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ነው። ከነዚህ አንዱን ብቻ፣ የራስሽን የጤና ሁኔታ ለባለሙያው ነግረሽ።

የሚያስመልሳት ሴት ከሁሉም በላይ መቅደም ያለባት እሷ ናት፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ የሚዋጥ አይቆይምና። ኪኒኑ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከነቅርጹ ከወጣ አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ተፈጭቶ ገብቷል፤ ቀጣዩን ሰዓት ጠብቂ። ተቅማጥና ማስመለስ ሲበረታ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ በትንሽ በትንሹ ጠጪ።

መርፌውን በተመለከተ፦ ብዙ ሴት ጥርሷን ነክሳ ትቆይና ሲብስባት ክሊኒክ ሄዳ ዳይክሎፌናክ ትወጋለች። ምንም ነገር ሆዷ አልቆይ ላላት ተገቢ ነው። ለሌላዋ ግን ያው መድኃኒት ነው፤ በጊዜው ከተዋጠው ኪኒን ብልጫ የለውም። በኪኒን የምትቀድመውን በየወሩ በመርፌ መከተል የገንዘብም የሥጋም ኪሳራ ነው። ትራማዶል ደግሞ ሱስ የሚያስይዝ መድኃኒት ነው፤ ለየወሩ ህመም አይለመድም። አንቲባዮቲክም የኢንፌክሽን ምልክት ሳይኖር ለዚህ ህመም አይረዳም።

ማን አትውሰድ? የጨጓራ ቁስለት ያለባት ወይም ደም አስመልሷት የሚያውቅ፣ የኩላሊት ወይም የልብ ህመም ያለባት፣ አስፕሪን አስሟን የሚቀሰቅስባት፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ፣ ደሟ አልቆም የሚል በሽታ ያለባት፣ እርጉዝ የሆነች ወይም እርግዝና የምትጠረጥር። እነዚህ ፓራሲታሞልና ሙቀት ይዘው ሐኪም ያማክሩ። ቁስለት ሳይሆን አልፎ አልፎ የሚያቃጥል ጨጓራ ላለባት ሐኪም ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ሊያዝላት ይችላል።

ጾም ሲገጥም

ጎንደር ላይ ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የምትቆይ ሴት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አይቡፕሮፌን በባዶ ሆዷ ብትውጥና ቡና ብታስከትልበት ጨጓራዋ ይቃጠላል፤ ከዚያ «ኪኒኑ አይስማማኝም» ብላ ለዘለቄታው ትተወዋለች። ለ2 ቀን ቀደም ብሎ ስለመብላት የነፍስ አባትን መጠየቅ የተለመደ ነገር ነው። ያን የማትፈልግ እስከ 9 ሰዓት ፓራሲታሞልና ሙቀት ትያዝ፤ ፓራሲታሞል በባዶ ሆድ ቢዋጥ ጨጓራ አይቆጣም። ከ9 ሰዓት በኋላ በልታ አይቡፕሮፌን ትጀምር፣ ማታ ከራት ጋር ትድገም። ከኪኒን በፊት የሚሆን የጾም ምግብ ችግር የለበትም፦ የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት ያለ ቅቤ፣ ዳቦ፣ አልጫ ክክ። ሚጥሚጣና ፌጦ በዚያን ቀን ይቅሩ።

ሙስሊሟ እህት በረመዳን ደሙ ሲመጣ ጾሙ ስለሚነሳላት በልታ መዋጥ ትችላለች፤ ቀኖቹን በኋላ ትከፍላለች። ችግሩ ቤተሰብ እንዳያውቅባት ስታፍር ሳትበላ መዋሏ ነው። በቦርሳ የሚያዝ ዳቦ ወይም ተምር ለኪኒኑ ይበቃል። ደሙ ገና ሳይመጣ፣ እየጾመች ለመቅደም ከፈለገች አንዱን በሱሁር፣ አንዱን ከአፍጥር በኋላ ትውሰድ።

ሙቀት

ሙቀት ማባበያ ብቻ አይደለም። ሆድ ላይ ያለማቋረጥ የተያዘ የ40 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ጡንቻውን ያፍታታል፤ ማስታገሻ ኃይሉም ከኪኒን ብዙ አያንስም። ከኪኒን ጋር ሲሆን ደግሞ ኪኒኑ ሥራ እስኪጀምር ያለውን ክፉ ሰዓት ያሻግራል።

የጎማ የሙቅ ውሃ ከረጢት ካለሽ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሙዪ፤ ክዳኑን ከማጥበቅሽ በፊት ጎኑን ተጭነሽ አየሩን አስወጪ፣ ካልሆነ ሆድ ላይ አይተኛም። የፈላ ውሃ በቀጥታ አይገባበትም፤ ጎማውን ያደርቀውና ስፌቱ ይለቃል። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሦስት ኩባያ ፍል ውሃ ላይ አንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ብትጨምሪ ተስማሚ ይሆናል። በነጠላ ወይም በፎጣ ጠቅልለሽ ከእምብርት በታች ያዢው፤ ወገብሽን ከበረታብሽ ወገብሽ ላይ።

ከረጢት የሌላት ሃይላንድ ትጠቀም፤ ግን ቀጭኑ ፕላስቲክ በጣም ትኩስ ውሃ ሲነካው ይጨማደድና ክዳኑ ያንጠባጥባል፣ ያቃጥላልም። ለእሱ ፍሉንና ቀዝቃዛውን እኩል ቀላቅዪ፤ 55 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ሁለት አዘጋጅተሽ አፈራርቂ። ሌላው መንገድ ደረቅ ጨው ነው፦ ሁለት የቡና ስኒ የሚሆን ሻካራ ጨው በብረት ምጣድ ላይ ለ5 ደቂቃ ያህል እያማሰልሽ አሙቂ፣ ወፍራም የጥጥ ካልሲ ውስጥ ጨምረሽ አፉን ቋጪ። ናይለን ካልሲ ይቀልጣል። ሆድሽ ላይ ከማድረግሽ በፊት በክንድሽ ውስጠኛ ክፍል ላይ 10 ሰከንድ ያዢው፤ ክንድሽ ካልቻለው ሆድሽም አይችለውም።

በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል፤ ቆዳሽን አሳርፈሽ ደግመሽ ትይዣለሽ። አስቀምጠሽው እንቅልፍ አይውሰድሽ። በየወሩ በጣም ትኩስ ነገር የሚለጥፉ ሴቶች ሆድ ላይ እንደ መረብ ያለ ቡናማ መስመር ይወጣል፤ ሙቀቱ መብዛቱን የሚናገር ነው። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል ያለበት ምድጃ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብቶ መሞቅ ይገድላል። የከሰሉ ጋዝ አይሸትም፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹም የወር አበባው ነው ተብሎ ይታለፋል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ከቀኑ በፊት ባለው ማታ ፔርሙሱን ሞልቶ ማደር ብልህነት ነው።

ቤት ያለው ሁሉ መድኃኒት አይደለም

ዝንጅብል የተመሰከረለት ነው። ደረቁ፣ የተፈጨው፣ በቀን እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ተከፍሎ በሻይ፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት፤ ማቅለሽለሹንም ያስታግሳል። ጨጓራ ያለባት ትቀንስ። አብሽም የሚረዳቸው ሴቶች አሉ፣ ከምግብ ጋር ከሆነ ጉዳት የለውም። ጤና አዳም ቡና ውስጥ እንደሚገባው ቅጠል ከሆነ ምንም አይልም፤ ተጨቅጭቆ በብዛት ሲጠጣ ግን መርዝነት አለው፣ ላረገዘች ሴት ደግሞ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። አረቄ «ቁርጠት ይቆርጣል» ይባልለታል፤ ከአይቡፕሮፌን ጋር ጨጓራ ያደማል፣ ከፓራሲታሞል ጋር ጉበት ይጎዳል።

ሆድን በቅባት በቀስታ ማሸት ጥሩ ነው፣ በመዳፍ፣ በክብ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። «ማህፀንሽ ዞሯል፣ ልመልሰው» ብሎ በኃይል የሚጫን ወጌሻ ግን ይቅር። ከአምስት ሴት የአንዷ ያህል ማህፀን ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ተፈጥሮ እንጂ በሽታ አይደለም፣ በእጅም አይመለስም።

እንቅስቃሴ በህመሙ ቀን የሚያስቅ ምክር ይመስላል፤ ዋናው ሥራው ግን በሌሎቹ ቀናት ነው። በሳምንት 3 ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ላብ እስኪል መራመድ፣ ለምሳሌ የጎሃን ዳገት መውጣትና መውረድ፣ ከ2 ወይም 3 ወር በኋላ ህመሙን ይቀንሳል። በህመሙ ቀን በጎን ተኝቶ ጉልበትን ወደ ደረት መሰብሰብ፣ በጉልበቶች መሃል ትራስ ማድረግ ሆድና ወገብን ያሳርፋል።

ኪኒኑ ከ3 ወር በኋላም ካልበቃ

ቀጣዩ እርምጃ ሆርሞን ነው። የእርግዝና መከላከያ የሚባለው እንክብል የማህፀኑን ሽፋን ያሳሳል፤ ሽፋኑ ሲሳሳ ፕሮስታግላንዲኑም ያንሳል። ያላገባችም ሴት ለህመሙ ብላ ልትወስደው ትችላለች፣ ስትተወውም የመውለድ አቅሟ ይመለሳል። ማዕከላዊው ጎንደር፣ ማራኪም ሆነ አዘዞ ያለሽ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ያለ ክፍያ ታገኛለሽ። ለውጡ የሚታየው ከ3 ወር በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያው ወር «አልሆነም» ብለሽ አትተዪ። ግፊት ያለባት፣ እግሯ ወይም ሳንባዋ ላይ ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ከራስ ምታቷ በፊት ዓይኗ ላይ ብልጭታ የሚታያት፣ ወይም ከ35 ዓመት በላይ ሆና የምታጨስ ሴት ድብልቅ፣ ማለትም ሁለት ሆርሞን ያለው፣ እንክብል አይሆናትም፤ ለእሷ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ መርፌው ወይም ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሆርሞን ያለው ሉፕ ይታሰባል። የመዳብ ሉፕ ግን ሆርሞን የለውም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ደሙንም ህመሙንም ሊያበዛ ይችላል። ሉፕ ካስገባሽ ወዲህ ከባሰብሽ ያንን ለባለሙያው ሳትነግሪ አትመለሺ።

ምርመራ የሚያስፈልገው መቼ ነው

ህመሙ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ከሄደ፤ ያለ ህመም ቆይቶ ዕድሜሽ 25 ካለፈ በኋላ አዲስ ከጀመረ፤ ከወር አበባ ውጭም ካለ፤ በግንኙነት ጊዜ ወይም በወር አበባ ሰሞን ሰገራና ሽንት ሲወጣ የሚያም ከሆነ፤ ልጅ ለማግኘት ሞክረሽ 1 ዓመት ካለፈ፦ ከጀርባው ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማህፀን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ መብቀል፣ በዓለም ላይ ከ10 በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች አንዷን ያህል ይይዛል። የማህፀን እጢና የቆየ የማህፀን ኢንፌክሽንም አሉ። ከ7 ቀን በላይ የሚፈስ ወይም ሞዴስ በየ1 እና 2 ሰዓቱ የሚያስቀይር ደም የደም ማነስ ያመጣል፤ የደም መጠንሽን አስለኪ፣ ቡናና ሻይ ደግሞ ከምግብ ቢያንስ 1 ሰዓት ይራቁ፣ ብረት እንዳይገባ ያግዳሉና።

በተለይ የሚዘነጋ አንድ ጉዳይ አለ። 15 ዓመት ሞልቷት ጡቷ አድጎ የወር አበባ አይታ የማታውቅ ልጅ በየወሩ ሆዷን የሚያማት ከሆነ ደሙ መውጫ አጥቶ ውስጥ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ቀላል ቀዶ ጥገና ነው፤ «ገና ልጅ ናት» እየተባለ ሲዘገይ ነው የሚከፋው።

ሳይውል ሳያድር መሄድ የሚያስፈልገው ደግሞ ይህ ነው፦ የወር አበባ ከቀረ በኋላ በአንድ ጎን የተነሳ ኃይለኛ ህመምና ትንሽ ደም፣ ራስን መሳት፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከሚሸት ፈሳሽ ጋር፣ ድንገት እንደ ቢላ የሚወጋ ህመም። ከማህፀን ውጭ እርግዝና ወይም የተጠመዘዘ እንቁላል ማፍሪያ ሊሆን ስለሚችል ኪኒን ውጦ ጠዋትን መጠበቅ የለም።

አስቸኳይ ካልሆነ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው የሚኬደው። የማህበረሰብ ጤና መድን ያለሽ መታወቂያውን ይዘሽ፣ የሪፈር ወረቀት ተቀብለሽ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ክፍል ስትሄጂ ወጪው ይሸፈናል፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ከሄድሽ ከኪስሽ ነው። ሴት ባለሙያ እንድታይሽ መጠየቅ ነውር የለበትም። ደብተርሽን አቅርቢ፤ «ስንት ፍሬ፣ በስንት ሰዓቱ፣ ለስንት ወር» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እዚያ አለ።

አልትራሳውንድ ከታዘዘልሽ ለሆድ ላዩ ምርመራ ፊኛ መሙላት አለበት፤ ከ1 ሰዓት በፊት 4 ወይም 5 ብርጭቆ ውሃ ጠጥተሽ ሽንትሽን ያዢ። ባዶ ፊኛ ይዘው የሚመጡ ብዙዎች ወረፋቸው አልፎ ውሃ ጠጥተው እንደገና ይሰለፋሉ። ድንግል የሆነች ልጅ ያንን አስቀድማ ትናገር፣ በብልት በኩል የሚደረገው ዓይነት አይደረግላትም። ውጤቱ «ኖርማል» ቢልም ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ በአልትራሳውንድ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ህመሙ ከቀጠለ ወረቀቱን ይዘሽ ተመለሺና «ኪኒኑን በሰዓቱ ወስጄ አልቀነሰልኝም፤ ቀጥሎ ምን ይደረጋል?» ብለሽ ጠይቂ።